አራት ጣት ቀይ

«እኔ የሠራሁትን ኮፒ ሠዓሊው ራሱ ከመቃብር ተነስቶ ቢያየው ‹የኔ የትኛው ነው?› ብሎ ይጠይቀኛል እንጂ አይለየውም» አለች የኔአለም፣ ቡርሿን እንደ አናጢ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ። «አንዲት ፀጉር ዝንፍ አልልም፣ እትዬ።»

እትዬ ዘሪቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሚስማርና ቆርቆሮ ሲነግዱ ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ለሻጭ አፍ በቀላሉ የማይሸነፉ ሴት ናቸው። ግን የሞተ ፈረንጅ ምስክር ተጠርቶባቸው አያውቅምና እሺ አሉ። ሠዓሊው ማን እንደሆነ አልጠየቁም። ቢጠይቁም የኔአለም አታውቀውም። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ ሰው ነው፤ በቃ። ስልኳ ላይ ካለው ሥዕል ሥር ስሙ ተጽፏል፤ ስሙ ግን ረጅም ስለሆነ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አንብባው አታውቅም።

የኔአለም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ለምን እንዳቋረጠች ለሚጠይቃት ሁሉ «ጥበብ ጠርታኝ ነው» ትላለች። የጠራት የሒሳብ ፈተና ነበር፤ እሷ ደግሞ አቤት ሳትል ቀረች። ከዚያ ወዲህ የምትውለው የእናቷ ወንድም ጋሽ ይታያል ሱቅ ውስጥ ነው። ጋሽ ይታያል ማስታወቂያ ጸሐፊ ናቸው። ከመናኸሪያው እስከ አማኑኤል መውጫ ድረስ «ሥጋ ቤት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ካያችሁ የሳቸው እጅ ነው። ከጽሑፉ ጎን በሬም ይሥላሉ፤ በሬው ምን እንደሚጠብቀው እያወቀ ሁልጊዜ ፈገግ ይላል።

የጋሽ ይታያል ሥራ አንድ ሥርዓት አለው። አንዲት ፊደል ከመጻፋቸው በፊት ከኪሳቸው ሲባጎ ያወጡና ኖራ ያስነኩታል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ወጥረው መሐሉን ሳብ አድርገው ይለቁታል። ጧ ሲል ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ይቀራል፤ ፊደሉም እዚያ መስመር ላይ እንደ ተማሪ ይሰለፋል። ያ ሲባጎ ከኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም። ለቅሶም ይዘውት ይሄዳሉ፤ ሰርግም ይዘውት ይሄዳሉ።

የኔአለም ይህን ሲባጎ አንድ ሰው የሰከረ ዘመዱን በሚያይበት ዓይን ነው የምታየው። ደንበኛ ፊት ከወጣ ታፍራለች። «ሲባጎ የግንበኛ ነው፤ ሠዓሊ ዓይን አለው» ትላለች። ጋሽ ይታያልም ሲባጎውን ጠቅልለው ኪሳቸው ይከቱታል፤ ያ ነው መልሳቸው።

ጊዜው ደግሞ ለሷ አዘነበለ። ዱሮ ሰው አዲስ ቤት ሲሠራ ሳሎኑ ላይ የሚሰቅለው ነገር የታወቀ ነበር፤ የሠርግ ፎቶ፣ የጻድቃን ሥዕል፣ የባንክ ካላንደር። አሁን ቴሌግራም መጣና «ዲኮር» የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ከአዲስ አበባ የተለቀቀ የሳሎን ፎቶ ሁሉ ከሶፋው ጀርባ አንድ ትልቅ ሥዕል አለው፤ ሥዕሉ ደግሞ የምንም ሥዕል አይደለም። ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ካሬ፣ ደግሞ ሌላ ክብ። ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ አላውቅም የሚልም የለም። ሁሉም «ደስ ይላል» ይላል። የኔአለም ይህን «የጥንቱ አብስትራክት» የምትለውን ከስልኳ እያየች በአክሪሊክ ቀለም ትሠራ ጀመር። ደንበኞቿ የሚጠይቋት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ከሶፋው ጋር ይሄዳል ወይ?

መጀመሪያ የሸጠችው መሐሉ ላይ ትልቅ ጥቁር ካሬ ያለበትን ሥዕል ነበር። የገዛው አንድ ካፌ ነው። በሁለተኛው ቀን የእግር ኳስ ሰዓት ሲደርስ ደንበኞቹ ወንበራቸውን ወደ ካሬው አዙረው ተቀመጡ፤ ሩብ ሰዓት ታግሰው ሲያበቁ «ኧረ ቴሌቪዥኑን ክፈቱልን» አሉ። ሥዕሉ በማግሥቱ ወረደ። የኔአለም ግን ይህን ታሪክ ስታወራው «አሥራ አንድ ሰው ሥራዬን ሩብ ሰዓት ሙሉ ዓይኑን ሳይነቅል አየው» ብላ ነው።

አሁን የመጣው ዕድል ከካፌ ይበልጣል። የእትዬ ዘሪቱ ጎረቤት አቶ ደምለው በአማኑኤል መንገድ ላይ ሆቴል እየጨረሱ ነው፤ ሃያ አራት ክፍል። ከየአልጋው ራስጌ አንድ አንድ ሥዕል ማድረግ ፈልገዋል። እሑድ በእትዬ ዘሪቱ ቤት ምርቃት ተገኝተው የኔአለምን ሥራ ያያሉ፤ ካማራቸው ሃያ አራቱንም ያዝዟታል። የኔአለም ከወዲሁ የራሷን ሱቅ መርጣለች። ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ ያለ፣ ልብስ ሰፊ የነበረበት አንድ በር ቤት ነው፤ ባለቤቱ እስከ ሰኞ ይጠብቃታል። ከበሩ በላይ የሚጻፈውንም ወስናለች፤ «የኔ አርት ጋለሪ»። ያን ቀን ከሥጋ ቤት፣ ከፀጉር ቤትና ፈገግ ከሚል በሬ ጋር ትፋታለች። ያለዚያ ግን ሕይወቷ ሥጋ ቤት ነው፤ እሷም ይህን ታውቀዋለች።

ለእትዬ ዘሪቱ የመረጠችው ሥዕል ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት፣ ወፍ የለበት። ወፍራም ጥቁር መስመሮች ይከፋፍሉታል። በቀኝ በኩል ትልቅ ቀይ ተንሰራፍቷል፤ በግራ ከላይ ወደ ታች ቀጭን ነጭ አለ፤ ከነጩ እግር ሥር አንድ ሰማያዊ ቁራጭ፤ በቀኝ ታች ጥግ ላይ ደግሞ እንደተረሳ እንግዳ ኩርምት ያለች ቢጫ። እትዬ ዘሪቱ ስልኩን አዙረው አዙረው አዩትና ሰውየውስ የት አለ ብለው ጠየቁ። የኔአለም ሥዕሉ ሰው ሳይሆን ስሜት እንደሆነ አስረዳቻቸው። ስሜቱ ከሶፋው ጋር ይሄዳል ወይ አሉ። ሶፋው ቀይ ነው። ይሄዳል አለች።

አናጢው ሦስት ክንድ ተኩል የሚሆን ፍሬም ሠራላት። አቡጀዴ ወጠረችበት፤ የግድግዳ ነጭ ቀለም ደጋግማ ቀባችው። አክሪሊኩ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ መጣ። መስመሩን የምታወጣው በሲባጎ አይደለም፤ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታይና የወረቀት ፕላስተር ግራና ቀኝ ትለጥፋለች፣ መሐሉን በጥቁር ትቀባለች፣ ከዚያ ፕላስተሩን ትልጣለች። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሠራች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቀዩና በነጩ መሐል ያለውን የመጨረሻውን ረጅም መስመር ፕላስተር ላጠችና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አየችው።

መስመሩ ጎብጧል። ትንሽ አይደለም የጎበጠው፤ ሆዱ የተነፋ ሰው ይመስላል።

ጋሽ ይታያል ከበሩ ላይ ሆነው አዩት። ሲባጎውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉላት። የኔአለም ሲባጎውን እንዳላየች ሆነች። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ሥዕሉ ቅዳሜ መሰቀል አለበት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ተረት ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስላታል። አንድ ብልሃት መጣላት። የጎበጠውን መስመር በቀይ ሸፈነችው፤ ከዚያ አራት ጣት ያህል ወደ ግራ ገፋ አድርጋ፣ በነጩ ላይ፣ አዲስ ጥቁር መስመር አወጣች። አሁን ቀና አለ። ነጩ ትንሽ ቀጠነ፤ ቀዩ ትንሽ ወፈረ። ማን ያየዋል? ሠዓሊው እንደሆነ ሞቷል፤ መጥቶ አይከሳት።

«እንግዲህ አንቺ ዓይን አለሽ» አሉ ጋሽ ይታያል፣ ሲባጎውን እየጠቀለሉ።

እሑድ ቤቱ ተመረቀ። ካህናቱ ጸበል ረጭተው ከሄዱ በኋላ እንግዳው ሳሎኑን ሞላው። ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ በጉ ታርዷል፤ ጠላው ይቀዳል። ሶፋው ግን ከነፕላስቲኩ ነው፤ እትዬ ዘሪቱ ፕላስቲኩ የሚነሳው ልጃቸውን ሲድሩ ብቻ እንደሆነ አስታውቀዋል። ስለዚህ ሰው በተቀመጠና በተነሳ ቁጥር ሶፋው ይንጫጫል። ከሶፋው በላይ፣ የግድግዳውን መሐል ይዞ፣ የኔአለም ሥዕል።

የኔአለም ነጭ ቀሚስ ለብሳ መጣች። እጅጌዋ ላይ ትንሽ ቀይ ቀለም ነክቷል። በአጋጣሚ አይደለም፤ ጧት መስታወት ፊት ቆማ በጥንቃቄ የነካችው ነው፣ ሰው ሠዓሊነቷን እንዳይስተው። ቦርሳዋ ውስጥም ቡርሽና ሦስት ብልቃጥ ቀለም ይዛለች። እንግዳው ሁሉ ተሰብስቦ ሲያበቃ ብድግ ብላ ሥዕሉን አንድ ቦታ ነካ ልታደርግና «አሁን አለቀ» ልትል አስባለች። ጋሽ ይታያል የሥዕሉን መስቀያ ሚስማር ስለመቱ ተጋብዘው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አቶ ደምለው መሐል ላይ ሆነው፣ ብርጭቋቸውን ይዘው፣ ሥዕሉን አንገታቸውን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየሰበሩ ያያሉ። «ደስ ይላል» አሉ። የኔአለም ልብስ ሰፊው ቤት ሄዳ በሩን ከፈተች፤ በልቧ።

ከሥዕሉ ፊት ለፊት፣ በክብር ቦታ፣ ከደብረ ኤልያስ የመጡት የእትዬ ዘሪቱ ሁለት ወንድሞች ተቀምጠዋል፤ ታላቅየው ጋሽ ቢያዝን በአንዱ ጥግ፣ ታናሽየው ጋሽ ይሄይስ በሌላው። በመሐላቸው ስድስት ሰው አለ፤ እትዬ ዘሪቱ አስበው ነው ያስቀመጡት። ሁለቱ ወንድማማቾች በወሰን ከተጣሉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አባታቸው ያወረሷቸው ማሳ ጎን ለጎን ነው። ይሄይስ በየክረምቱ አንድ አንድ ትልም ገፍቶብኛል ይላሉ ጋሽ ቢያዝን። ጋሽ ይሄይስ ደግሞ የገፋው በሬዬ እንጂ እኔ አይደለሁም ይላሉ። ሰላምታ እንኳ የሚላላኩት በስልክ በእህታቸው በኩል ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ በአገራቸው የመሬት ካርታ ወጥቶ ነበር። የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ በጥቁር መስመር ተለይቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ቅሬታ ያለው ቀርቦ ያመልክት ተባለ። ሁለቱም ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ግድግዳ ሥር ቆመው ሰነበቱ፤ አንደኛው ጧት፣ ሌላኛው ከሰዓት፣ እንዳይገናኙ። እንግዲህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ በጥቁር መስመር የተከፋፈለ፣ ቀለም የተቀባ ነገር ሲያዩ ምን ብለው ያስቡ?

ጋሽ ቢያዝን ጉርሻቸውን እንደያዙ ማላመጥ አቆሙ። ዋጡ። ተነሱ። ቄጤማውን ረግጠው እስከ ሶፋው ሄዱና ከዘራቸውን ዘርግተው ቀዩን ነካ አደረጉት።

«ይህ የማን ነው?»

እትዬ ዘሪቱ ሥዕል እንደሆነ ነገሯቸው። ጋሽ ቢያዝን ሥዕል ያውቃሉ። ሥዕል ፊት አለው፣ ዓይን አለው፣ ከግርጌው ያሠራው ሰው ስም ይጻፍበታል። ይህ ሌላ ነው። ከዘራው ከቀዩ ተነስቶ ወደ ነጩ ዞረ። ነጩ እንደ ጅራፍ ቀጥኗል።

«የኔ ይቺ መሆኗ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ጋሽ ይሄይስ ከወዲያ ጥግ ተነሱ። ቤቱ ሁሉ ወደሳቸው ዞረ፤ ሰውየው ወንድማቸውን በእህታቸው በኩል ሳይሆን በቀጥታ ሊናገሩ ነው። ቀዩ የሳቸው እንዳልሆነ፣ ያን የሚያህል መሬት ቢኖራቸው ኖሮ ይህን ኮት ለብሰው ምርቃት እንደማይመጡ ተናገሩ። ቀዩ የማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው በማን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ይመልከት አሉ። ጋሽ ቢያዝን ይህን አላሰቡትም ነበር። ሁለቱም አንድ ላይ ዞረው እህታቸውን አዩ።

እትዬ ዘሪቱ የአባታቸውን መሬት በድብቅ አስለክተው፣ ካርታውን ሳሎናቸው ሰቅለው፣ ከዚያም ወንድሞቻቸውን ጠርተው ፊት ለፊቱ አስቀምጠው በግ አበሉ ማለት ነው። ይህ በአንድ አፍታ ቤቱን ዞረ። አንዲት አክስት ማማተብ ጀመሩ። ከኋላ ያለ አንድ ሰው ቢጫዋ ጥግ ያበበ ኑግ፣ ሰማያዊው ያበበ ተልባ ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ጎረቤቱ ደግሞ በዚያ በኩል ተልባ አይበቅልም ብሎ ተከራከረው።

ጋሽ ቢያዝን ግን ጥቁሩን መስመር እያዩ ነበር። «ይህ ወሰን ከሆነ» አሉ፣ «ወሰኑ ብቻውን አንድ ጥማድ ይወጣዋል። ማነው ይህን የሚያህል መሬት ለወሰን የሚያባክን?»

አቶ ደምለው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ሳቃቸውን ለመያዝ ጢማቸውን እየጎተቱ ነው። የኔአለም አየቻቸው። ሃያ አራቱ አልጋ አንድ በአንድ ከፊቷ ሲሄድ ታያት፤ ከኋላቸውም ፈገግ የሚለው በሬ ሲመጣ። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለችም።

ሄዳ ከሥዕሉ ፊት ቆመችና ንግግር አደረገች። ካርታ እንዳልሆነ፣ መሬት እንዳልሆነ፣ አውሮፓ ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው ዓለምን ሁሉ በአራት ቀለም ለመግለጽ አስቦ እንደሠራው፣ ቀዩ ኃይል ነጩ ዝምታ እንደሆነ ነገረቻቸው። ይህን ሁሉ ከቴሌግራም ነው ያነበበችው። ሽማግሌዎቹ የማይረዳውን ስብከት እንደሚሰማ ምእመን ከዘራቸውን ተደግፈው በትዕግሥት አዳመጧት። ጋሽ ይሄይስም በመጨረሻ ቀዩ በርግጥ የፈረንጅ ከሆነ የሚጣሉበት ነገር እንደሌለ፣ ፈረንጁና ወራሾቹ ይጨነቁበት አሉ። እትዬ ዘሪቱ ተነፈሱ። ጋሽ ቢያዝንም ወደ ምግባቸው ሊመለሱ እግራቸውን አነሱ።

እዚህ ላይ የኔአለም ዝም ብትል ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ። እሷ ግን አቶ ደምለውን በዓይኗ ጥግ ታያለች፤ ሰውየው ገና አልወሰኑም። የሚያስወስናቸውን ቃል ጨመረች።

«ይኸው ዋናው ስልኬ ላይ አለ። ያኛው የኔ ነው። አንዲት ፀጉር ዝንፍ ብሎ ከተገኘ እጄ ይቆረጥ።»

«እጅሽን ተዪው» አሉ ጋሽ ቢያዝን። «ስልኩን አምጪ።»

ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከወለሉ አንዲት ቄጤማ መዘዙ። ጋሽ ቢያዝን ትምህርት ቤት ደርሰው አያውቁም፤ መሬት ግን በክንድም፣ በገመድም፣ በእርምጃም ሲለካ ስድሳ ዓመት አይተዋል፤ ለኪው ሲያጭበረብርም እንደዚያው። ቄጤማዋን በስልኩ መስታወት ላይ አጋድመው በነጩ ወርድ ልክ በጥፍራቸው ቆረጡ። ያችን ቁራጭ በቀዩ ላይ አስኬዷት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ልክ በሦስት አለቀ።

«ሦስት ነጭ አንድ ቀይ ነው» አሉ። «አሁን ገመድ።»

የኔአለም ወደ በሩ አላየችም። ማየት አያስፈልጋትም ነበር። ጋሽ ይታያል ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ ሶፋውን አንጫጭተው አልፈው፣ ሲባጎውን ከኪሳቸው አውጥተው ለሽማግሌው ሰጡ። ተመልሰውም ተቀመጡ።

ገመድ ለብቻ አይያዝም። ጋሽ ቢያዝን የሲባጎውን ጫፍ ይዘው ዙሪያቸውን አዩ። ከሁሉ ቅርብ የቆሙት ወንድማቸው ናቸው። ከዚያ ሌላኛውን ጫፍ፣ ፊታቸውን ሳያዩ፣ ወደ ጋሽ ይሄይስ ወረወሩት። ጋሽ ይሄይስ ያዙት። ጫማቸውን አውልቀው በሁለት በኩል ሶፋው ላይ ወጡ፤ ፕላስቲኩ እሪ አለ፤ እትዬ ዘሪቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የነጩን ወርድ በሲባጎው ለኩ፣ ቋጠሩ፤ ያንን ቋጠሮ በቀዩ ላይ አስኬዱት። ቤቱ ሁሉ አብሮ ቆጠረ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

አራት።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከሶፋው ላይ ሆነው ተያዩ። ጋሽ ቢያዝን ጣታቸውን ከጥቁሩ መስመር አጠገብ ቀዩ ላይ አሳረፉ፤ በመስኮቱ ብርሃን በኩል ጎንበስ ብለው በአግድም አዩ። ከቀዩ ሥር የተሸፈነው የጎበጠ መስመር እንደ ጠባሳ አበጥ ብሏል። በጣታቸው ለኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጣት።

«እዚህ ነበረች። ገፍታታለች» አሉ።

«ወሰን ገፊ ናት» አሉ ጋሽ ይሄይስ። ሲናገሩ ፊታቸው በራ፤ በዚህ ቤት ውስጥ ከሳቸው ሌላ ወሰን ገፊ በመገኘቱ ዓመት በዓል የሆነላቸው ይመስል ነበር። አራት ዓመት በአንዲት ትልም ያልተስማሙ ሰዎች በየኔአለም ጥፋት ላይ በአንድ አፍታ ተስማሙ። ለፈረንጁም አዘኑለት። የሞተ ሰው ነው፣ ተሟጋች የለው፣ አገሩም ሩቅ ነው አሉ።

የኔአለም አቶ ደምለውን አየች። አቶ ደምለው አሁን አይስቁም ነበር፤ ያስባሉ፤ ይህ ከሳቁ የባሰ ነው። ወዲያው ለእትዬ ዘሪቱ፣ ሁሉ እየሰማ፣ ሐሳባቸውን ተናገሩ። ሆቴላቸው የሚያድረው ሰው ከቁይ፣ ከደብረ ኤልያስ፣ ከየገጠሩ በመሬት ክርክር ፍርድ ቤት የሚመጣ ሰው ነው። ቀን ሙሉ ስለ ወሰን ሲሟገት ውሎ፣ ማታ አልጋው ላይ ጋደም ሲል ራስጌው ላይ ይህንን ቢያይ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? ይልቅ የክፍሎቹ በር ላይ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ከአንድ እስከ ሃያ አራት። ይህን ያሉት ወደ በሩ ዞረው ለጋሽ ይታያል ነው። ጋሽ ይታያልም ቁጥሩን የኔአለም እንደምትጽፈው፣ እሳቸው በሲባጎ እንደሚያሰምሩላት ነገሯቸው። ነገሩ አለቀ። ሃያ አራት ሥዕል ሃያ አራት ቁጥር ሆነ፤ ልብስ ሰፊው ቤትም እንደተዘጋ ቀረ።

ጋሽ ቢያዝን ግን ገና አልጨረሱም። ከሶፋው ወርደው ጫማቸውን እያደረጉ፣ ወሰን በተገፋበት ቤት እህል እንደማይቀምሱ ለእህታቸው አስታወቁ። ጋሽ ይሄይስም እንደዚያው። ሁለቱ የእናት ልጆች አብረው የሚበሉበትን ቀን አራት ዓመት የጠበቁት እትዬ ዘሪቱ ወደ የኔአለም ዞሩ። ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል ብለሽኝ ነበር አይደል አሉ። ብላ ነበር። እንግዲያው ወጡ ሳይቀዘቅዝ ወሰኑን ትመልስ አሉ።

እናም የኔአለም ቦርሳዋን ከፈተች። «አሁን አለቀ» ልትልበት ያመጣችውን ቡርሽ አወጣች፤ ነጩን ብልቃጥ ከፈተች፤ ጫማዋን አውልቃ የሚንጫጫው ሶፋ ላይ በስድሳ እንግዳ ፊት ወጣች። ጋሽ ይሄይስ ሲባጎውን ከላይ ያዙ። የታችኛው ጫፍ ተንጠልጥሎ ቀረ። ማንም አልያዘውም፤ የሚጠበቀው እሷ እንድትይዘው ነው። ያን ሁሉ ችላለች፤ ሲባጎ መያዝን ግን እምቢ አለች። ዞራ ለጋሽ ቢያዝን፣ አቶ ደምለውም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ተናገረች።

«አባቴ፣ እርስዎ አልገባዎትም። ሠዓሊው ራሱ መስመሩን የት እንደሚያሳርፈው በገመድ አልለካም፤ በስሜቱ ነው ያሳረፈው። እኔም በስሜቴ ነው ያሳረፍኩት። ጥበብ ማለት ይኼ ነው።»

ጋሽ ቢያዝን ከዘራቸውን ከሶፋው ጠርዝ አነሱ።

«እሱ ያረሰው የገዛ መሬቱን ነው፤ አንቺ የገፋሽው የሰው ነው። ያዢ ገመዱን፣ እርቦኛል።»